ሮዝባንክ ጣቢያ፣ ከበሩ ወዲህ

በምድር ውስጥ በሚሄደው ባቡር የተሳፈርኩት በሕይወቴ አንድ ቀን ብቻ ነው። ልጄ ግን ዛሬም በየቀኑ ትሄድበታለች። ያን ቀን የሆነውን ሙሉውን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለጸሎት ቤታችን ሽማግሌ ግማሹን ነግሬዋለሁ፤ የቀረውን እዚህ አስቀምጣለሁ። የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። አማርኛም የእናቴ ቋንቋ አይደለም፤ ገበያና ጸሎት ቤት ናቸው ያስተማሩኝ። የተጣመመ ቃል ካገኛችሁ አቅንታችሁ አንብቡልኝ።

በስደት በምንኖርበት አይቮሪ ፓርክ ውስጥ ስፓዛ አለን። ከሰው ግቢ ጋር የተጣበቀች ትንሽ ሱቅ ናት፤ ዳቦ፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ኤርታይም፣ ማለት የስልክ ሂሳብ፣ እንሸጥባታለን። የምንቆመው ከፍርግርግ ብረት ኋላ ነው፤ ዕቃው መዳፍ በምታክል ቀዳዳ ይወጣል። በሩም ብረት ነው። ያ በር ሁለት ጊዜ አይከፈትም። አንዱ ሲገባ ሌላው ጀርባው ላይ ተለጥፎ አብሮ ይገባል፣ ወዲያው ይቆለፋል። ቆሞ "አንተ ቅደም፣ አንቺ ቅደሚ" መባባል የለም። ጎረቤታችን የነበረ አንድ የከምባታ ልጅ እንደዚያ ነው የሞተው፤ በሩን ይዞ እህቱን "ግቢ" እያላት ነበር። ልጄ መራመድ ስትጀምር ቀሚሴን ከኋላ ጨብጣ ነው የምትገባው። ካደገች ወዲህ ቁልፉን እሷ ትይዛለች፣ እኔ ከጀርባዋ እለጠፋለሁ። ሳናስበው ነው የምናደርገው፤ እግራችን ራሱ ያውቀዋል።

ሌላም ሕግ አለን። ይህኛውን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ልጄ ስድስት ዓመቷ እያለ ባለቤቴን መንገድ ላይ ያዙት። ፔፐሩ፣ ማለት የጥገኝነት ወረቀቱ፣ ቀኑ አልፎበት ነበር። እኔ ሱቅ ሆኜ ሰማሁና በባዶ እግሬ እየጮህኩ ሮጥኩ። "ባሌ ነው! ባሌ ነው!" አልኩ። ፖሊሱ ዞር ብሎ "ያንቺስ ወረቀት?" አለኝ። የእኔም አልፎ ነበር። ሁለታችንንም ጭነው ወሰዱን። ልጄ ዐሥራ አንድ ቀን ዙሉ ጎረቤታችን ዘንድ ከረመች። እኔን ለቀቁኝ፣ እሱን ወደ አገር መለሱት። ስመለስ ልጄ በሩ ላይ ቆማ አየችኝና ወደ ጎረቤቲቱ ቀሚስ ውስጥ ገባች። ሦስት ቀን እጄን አልያዘችም።

ከዚያ በኋላ አስተማርኳት። "እኔን ከያዙኝ አታውቂኝም። አትዞሪም። አታለቅሺም። ስልክሽን አጥፊና ወደ ጀመርሽበት ሂጂ። ምልክቴ ዐይኔ ነው፤ ዐይኔን መሬት ላይ ከጣልኩ፣ በቃ እናትሽ አይደለሁም።" ሸቀጥ ልናመጣ ታውን፣ መሐል ከተማ፣ ስንወርድ መንገድ ላይ እንለማመደው ነበር። በድንገት ዐይኔን እጥላለሁ፤ እሷ ሸቀጥ እንደምትመርጥ ሴትዮ ከንፈሯን አሹላ ታልፈኛለች። ጥግ ስትደርስ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። እኔም እስቅ ነበር። የእኛ ሰዎች ይህን የማያስተምሩ ጥቂት ናቸው። አንድ ሰው ሲያዝ ቤተሰቡ በሙሉ እንዳይያዝ ነው። ጥሩ ትምህርት ይመስለኝ ነበር።

ልጄ ሥዕል ትወዳለች። የሰው ሥዕል አትሥልም፤ ቤት፣ ደረጃ፣ ጣሪያ ነው። በብስኩት ካርቶን ጀርባ ጀመረች። ዐሥራ አንደኛ ክፍል ሳለች መምህራቸው ክፍሉን ሰብስቦ በባቡሩ ሮዝባንክ ወሰዳቸው፣ ከዚያ ቀን ወዲህ የምትሥለው ያንን ጣቢያ ሆነ። አንድ ቀን ዱቄት ስመዝን ወረቀቱን ሚዛኑ ላይ ዘረጋችብኝ።

"ይሄ ምንድን ነው? ጉድጓድ ነው እንዴ?"

"ጣቢያ ነው እማ። ከመሬት በታች።"

"ሰው ከፍሎ ጉድጓድ ይገባል?"

"አትሳቂብኝ። ተመልከቺ፤ ጣሪያውን ከፍ ያደረጉት ሰው እንዳይጨንቀው ነው። ስትወርጂ ብርሃኑ ከላይ ይከተልሻል። እዚህ ጋ ምሰሶ የለም፤ ማንም ከኋላው እንዳይደበቅ። የትም ብትቆሚ የሚመጣውን ታያለሽ። ይሄን የነደፈው ሰው ፍርሃት ምን እንደሆነ ያውቃል።"

"ፍርሃት የሚያውቅ ሰው መሬት ውስጥ አይሠራም" አልኳት። "ወረቀትሽን አንሺ፣ ዱቄት ሆነ።"

እሷ ግን እውነቷን ነበር። እነዚያን ሥዕሎች ሮዝባንክ ላለ አንድ ኮሌጅ ልካ የሕንፃ ንድፍ ልትማር ተቀበሏት። ያለ ክፍያ። መልእክቱን ሁለቴ አነበበችልኝ። አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ ዕድሜዋ ዐሥራ ስምንት ስላልሞላ ወላጅ ራሱ ቀርቦ መፈረም አለበት፣ ረቡዕ ከረፋዱ አምስት ሰዓት በፊት። ያ ሰዓት ካለፈ ቦታው ተራ ለሚጠብቅ ሌላ ልጅ ይሰጣል።

የእኔ ፔፐር በዚያ ሰሞን ቀኑ አልፎ ነበር። የማደሻ ማመልከቻውን ልከን መልስ እንጠብቃለን። ከሱቁ ወጥቼ ጸሎት ቤት እንኳ የምሄደው ጎረቤት መንገዱን አይቶ "ሰላም ነው" ሲለኝ ነው። "በታክሲ ከሄድን ፍተሻ ሊኖር ይችላል" አለችኝ ልጄ። "በባቡሩ እንሂድ። እዚያ ፔፐር ሲጠየቅ አይቼ አላውቅም። ካርድ ታስነኪያለሽ፣ ትገቢያለሽ፣ አለቀ። ሰው ፊትሽንም አያይ።"

ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ፊርማዬን ተለማመድኩ። እጄ እስክሪብቶ ለምዶ አያውቅም፤ በሲጋራ ካርቶን ላይ ስሜን ደጋግሜ ጻፍኩ። ዳቦ ሊገዛ የመጣ ደንበኛ በቀዳዳው አጮልቆ "ማማ፣ ፕሬዚዳንት ልትሆኚ ነው?" አለኝ። "የልጄ ወላጅ ልሆን ነው" አልኩት። ሳቀ። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም።

ረቡዕ ጠዋት ሱቁን ዘጋን። የእሑድ ቀሚሴን ለበስኩ። እስከ ሚድራንድ በታክሲ ሄድንና ጣቢያው ደረስን። ወለሉ የታጠበ ሳህን ይመስላል። የሚጮህ ሻጭ የለም፤ የታክሲ ረዳት የለም፤ ጣቱን ቀስሮ "ታውን! ታውን!" የሚል የለም። ዩኒፎርም የለበሱ ጥበቃዎች ግን በየጥጉ አሉ። ዩኒፎርም ሳይ ግድግዳ ግድግዳውን እሄዳለሁ።

"ያዥ" አለችኝ ልጄ፣ ካርድ በእጄ ሰጥታ። "እዚያ ብርሃኗ ላይ ታስነኪያለሽ። ስትገቢም ስትወጪም። ገባሽ?"

"ገባኝ።"

እሷ ቀደመችና ካርዷን አስነካች። በሩ እንደ ሁለት መዳፍ ተከፈተ። በዚያች ቅጽበት አላሰብኩም። እግሬ አሰበልኝ። ጀርባዋ ላይ ተለጠፍኩና አብሬያት ገባሁ፣ በሩ ከኋላዬ ተዘጋ። ካርዱ በላቤ ርሶ በጭብጤ ውስጥ ነበር። ልጄ የሚመጣውን ባቡር ሰዓት እያየች ስለነበር አላየችኝም። እኔም ስሕተት መሥራቴን አላወቅኩም። እንዲያውም "ደኅና ገባን፣ ጌታ ይመስገን" አልኩ በልቤ።

ባቡሩ መጀመሪያ ከላይ ነበር የሚሄደው። ፀሐይ፣ ቤት፣ ዛፍ፣ የመኪና መንገድ ይታያል። ከዚያ በድንገት ጨለማ ሆነ፣ ጆሮዬ ተደፈነ። ተሳፋሪው በሙሉ ስልኩን ያያል፤ የሚያወራ የለም። በታክሲ ሰው ይሰድባል፣ ይሰብካል፣ ይዘፍናል፤ እዚህ ሁሉም ቀብር ላይ የመጣ ይመስላል። ይህች ከተማ ከሥሯ ወርቅ የወጣባት፣ ስንት ወንድ መሬት ውስጥ ገብቶ ያልተመለሰባት ናት ይላሉ ደንበኞቼ። እኔም በእግሬ ሥር ሰዎቹ የተኙ መሰለኝ። የልጄን ክንድ ያዝኩ።

"እማ፣ ጥፍርሽ" አለች። ከዚያ ራሷን ወደ ጆሮዬ አስጠግታ፣ "ሳንድተን አለፈ፣ ቀጥሎ ነው። ስንወርድ ቀና ብለሽ ጣሪያውን እይ፣ እሺ? የሣልኩት እሱን ነው። ቃል ግቢልኝ።"

ወረድን፤ ቀና አልኩ። በእርግጥ ትልቅ ነው። የእኛ አገር የጸሎት አዳራሽ አንድ በአንድ ላይ ቢደራረብ ይገባበታል። ግድግዳው የተራቆተ ሲሚንቶ ነው፤ መብራቱ ጥላ እንዳይኖር ተደርጎ ተሰቅሏል። የሚሄደው ደረጃ ሰው ቢኖርም ባይኖርም ይሄዳል፣ ረጅም ነው፤ ላይ ሆኖ ታች ያለውን ሰው ፊት ማየት አይቻልም። ልጄ ከፊቴ ቆማ እጇን እያወዛወዘች ታሳየኛለች፤ "አየሽ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ? አየሽ ድምፁ እንዴት እንደማይጮህ?" ፊቷ ያበራ ነበር። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። መደበቂያ የለውም። እሷ ማንም ከኋላው ሊደበቅበት የማይችል ቦታ ብላ የወደደችው፣ ለእኔ የምደበቅበት የሌለው ቦታ ሆነብኝ። መውጫው ደግሞ በበር ነው፣ በሩ ላይ ዩኒፎርም ቆሟል።

ከደረጃው ጫፍ ትልቅ ሰዓት ነበር። አራት ሰዓት ከዐሥር። "ሃምሳ ደቂቃ አለን፤ በእግር ዐሥር ደቂቃ ነው" አለች ልጄ። ካርዷን አስነክታ ወጣች። ይህን ጊዜ ከኋላዋ ሰው ገባብኝና መለጠፍ አልቻልኩም። ተራዬ ሲደርስ ካርዴን እንዳስተማረችኝ አስነካሁ። ቀይ መብራት በራ። እንደገና አስነካሁ። ቀይ። በሩ አልተከፈተም። ከኋላዬ ያሉት ሰዎች እየተነፈሱ ወደ ሌላ በር ሄዱ።

"ማማ!" አለች አንዲት ጥበቃ። ወፍራም፣ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ናት። "ማማ፣ እዚያው ቁሚ፣ እየመጣሁ ነው።"

ልጄ ከበሩ ወዲያ ሦስት እርምጃ ላይ ዞር አለች። ዐይን ለዐይን ተገጣጠምን። አፏ "እማ" ሊል ሲከፈት አየሁት።

እኔ ዐይኔን መሬት ላይ ጣልኩ።

ለምን? ስንት ጊዜ ጠይቄዋለሁ ራሴን። ማንም አልያዘኝም። ማንም ስለ ፔፐር አላነሳም። አንድ ቃል፣ "ነይ" ብዬ ብጠራት ተመልሳ ካርዱን ታስረዳልኝ ነበር፣ በአምስት ደቂቃ ባለቀ። ዩኒፎርሙን ሳይ ዐይኔ በራሱ ወደቀ። ቀና ስል የልጄ ጀርባ በሰው መሐል ነበር። አልሮጠችም፣ አልዘገየችም። ወረቀቶቿን የያዘችበትን ጥቅል በብብቷ እንደያዘች ሄደች።

ጥበቃዋ ካርዴን ወስዳ አየችው። "ከየት ነው የገባሽው ማማ?" በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ። ዝም አልኩ። በዙሉ ጠየቀችኝ። ዝም አልኩ። ይህም ከእኛ ትምህርት ነው፤ ከተያዝክ ቋንቋ አታውቅም፣ የምትለው ቃል ሁሉ ሌላ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ከደንበኞቼ ጋር ጠዋት ማታ በዙሉ የምከራከር ሴትዮ ዲዳ ሆኜ ቆምኩ። እጄን ይዛ ቀስ ብላ በበሩ አጠገብ ያለ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። እስር ቤት የሚወስደው መኪና እስኪመጣ ነው ብዬ አሰብኩ።

አንድ ወጣት ጥበቃ መጣና ሁለቱ በዙሉ ተነጋገሩ። ሁሉም ይገባኛል።

"ምን ሆና ነው?"

"ካርዷ መግባቷን አልመዘገበም። ሰው ጀርባ ላይ ተለጥፋ ገብታ ይሆናል።"

"ሌባ ናት?"

"ሌባ የእሑድ ቀሚስ ለብሶ ይመጣል? እያት፣ ዐይኗን ከመሬት አታነሳም። ፈርታለች።"

"ምን ፈርታ?"

"እኔ ምን ላውቅ። መሬቱን ይሆናል። እናቴም እዚህ አንድ ቀን መጥታ 'ከሞትኩ በኋላ እወርዳለሁ፣ ምን አስቸኮለኝ' ብላ ተመለሰች።"

ወጣቱ ሳቀና ሄደ። ሴትዮዋ ግን ትታኝ አልሄደችም። በየመሐሉ እየመጣች "ማማ፣ ከየት ነው? ሳንድተን? ሚድራንድ?" ትለኛለች፣ ካርታው ላይ ቀለም ያለውን መስመር በጣቷ እየነካች። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን የጣቢያዎቹን ስም ማንበብ ባልችልም ሚድራንድ የትኛዋ ነጥብ እንደሆነች ልጄ አሳይታኛለች። ጣቴን ግን አላነሳሁም። ውኃ በፕላስቲክ ጠርሙስ አመጣችልኝ። "እዚህ መብላትም መጠጣትም ክልክል ነው" አለች፤ "ግን እኔ አሁን ወደዚያ ልዞር ነው፣ ምንም አላየሁም።" ጀርባዋን ሰጠችኝ። ጠጣሁ። ከዚያም እንኳ አልተናገርኩም። ሰዓቱን አየሁ፤ ለአምስት ሩብ ጉዳይ። ለአምስት አምስት ጉዳይ። ከዚያ አምስት።

አምስት ሰዓት ካለፈ በኋላ በውስጤ የሆነ ነገር ላላ። ከዚህ በላይ የሚያስፈራኝ ነገር አልቀረም መሰለኝ። በዙሉ "እህቴ፣ የገባሁት ከሚድራንድ ነው። በሩ ሲከፈት ከልጄ ኋላ ገባሁ። አላወቅኩም" አልኳት።

ሴትዮዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ሃዉ! ማማ! ሁሉንም ስትሰሚ ነበር?"

"ስሰማ ነበር።"

"በእናቴ ስቀልድም?"

"እናትሽ እውነት ብላለች" አልኳት።

እየሳቀች ወደ ካርድ መሸጫው መስኮት ወሰደችኝ፣ ጥቂት ከፈልኩ፣ ካርዱን አስተካከሉልኝ። ሦስት ደቂቃ አልፈጀም። ፔፐር የሚባል ነገር አልተነሳም፤ ስሜንም አልጠየቁኝ። በሩ ተከፈተ። "ሂጂ፣ ልጅሽ ትጠብቅሻለች" አለችኝ።

ልጄ አትጠብቀኝም። ደወልኩ፣ ስልኳ ዝግ ነው፤ እንዳስተማርኳት። የኮሌጁን ስም አውቃለሁ፤ መንገዱን አላውቅም፤ የዚህ አገር ጽሑፍ ማንበብ አልችልም፤ ሰው መጠየቅ ደግሞ ፈራሁ። ከጣቢያው መውጫ አጠገብ ቆምኩ። ሰው እንደ ጎርፍ ይወጣል ይገባል። ፀሐዩ አናቴን በላኝ። ሰባት ሰዓት ካለፈ በኋላ ከመንገዱ ማዶ አየኋት። እሷ አላየችኝም። ዐይኗ አብጦ ነበር። ስታየኝ ቆመች፤ መኪና ጡሩንባ ነፋባት።

"ለቀቁሽ?" አለችኝ።

"አልያዙኝም።"

"እንዴት አልያዙሽም?"

"የካርድ ነገር ነበር። አላስነካሁትም ስገባ።"

"ዐይንሽን መሬት ጣልሽ እኮ!" ድምፅዋ ከፍ አለ፤ ሰዎች ዞሩ። "እማ፣ ጣልሽ እኮ! አይቻለሁ!"

"ጣልኩ።"

"እና ምንም አልነበረም?"

"ምንም አልነበረም፣ ልጄ።"

ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። እኔም አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ። "ሰዓቱ አለፈ። ቦታው ሄደ?" አልኳት።

"አልሄደም።"

"ማን ፈረመ?"

"ማንም አልፈረመም። ሴትዮዋ 'እናትሽ የታለች?' አለችኝ። ተይዛለች ብል ለምን ትለኛለች። ለምን ካለች ፔፐር ይመጣል። አትመጣም ብል ቦታውን ለሌላ ልጅ ትሰጣለች።" እጇን እያየች ነው የምትናገረው። "ሞታለች አልኩ። 'መቼ?' አለችኝ። በቅርብ አልኩ። ማልቀስ ጀመርኩ። የእውነቴን ነበር የማለቅሰው፣ ተይዘሻል ብዬ። አቀፈችኝ። የአንድ ሳምንት ጊዜ ሰጠችኝ፤ አሳዳጊ ይምጣ፣ ይፈርም አለች።"

"ጎበዝ" አልኳት። ከአፌ ያ ነው የወጣው።

የጸሎት ቤታችን ሽማግሌ በማግስቱ ሱቅ መጣ። የሃዲያ ሰው ነው፣ እንደ ታላቅ ወንድሜ ነው። ግማሹን ነገርኩት፤ ልጅቱ ደንግጣ 'እናቴ ሞታለች' ማለቷን። ዐይኔን መጣሌን አልነገርኩትም።

"እህቴ፣ ሂጂና 'እኔ ነኝ፣ በሕይወት አለሁ' በያቸው" አለኝ። "እውነት ነፃ ታወጣለች።"

"እኔን ነፃ ታወጣ ይሆናል፣ ወንድም ጋሼ። እሷንስ? ዋሽታለች ብለው ያባርሯታል። ያቺ ሴት አቅፋታለች እኮ።"

"ታዲያ እኔ ልዋሽ?"

"አንተ አሳዳጊ ነኝ ነው የምትለው። አላሳደግካትም? መጽሐፍ ቅዱስ ያስያዝካት አንተ አይደለህም?"

ሻዩን አስቀመጠ። አንድ ደንበኛ በቀዳዳው "ማማ፣ ዳቦ!" ይላል፣ እኔ አልተነሳሁም፤ ተነስቶ ራሱ ሰጠው። ተመልሶ ተቀመጠና ሳያየኝ፣ "ለሞተች ሴት ልጅ አሳዳጊ ነኝ ብዬ ልፈርም ነው፤ ሟቿ ደግሞ ፊቴ ተቀምጣ ስኳር ትጨምርልኛለች" አለ። ለቀልድ ነው ያለው፣ ግን አልሳቀም። ማክሰኞ ሄዶ ፈረመ። ከዚያ ወዲህ የጌታ እራት ሲታደል ሊቀበል ከወንበሩ አይነሳም።

ልጄ ትምህርት ጀመረች። ጎበዝ ናት ይላሉ። ቤት ስትመጣ ግን ሥዕሏን አታሳየኝም። ስጠይቃት "ምንም አዲስ ነገር የለም" ትለኛለች። በትምህርት ቤት የወላጆች ቀን ነበር፣ ሽማግሌው ሥራ ስለነበረው ማንም አልሄደላትም። አንዴ ዳቦ እየደረደርን ሳለ በድንገት፣ "የእናቴን ሬሳ የት እንደቀበርን ጠየቁኝ" አለችኝ። "ምን አልሽ?" አልኳት። "አገር ቤት አልኩ" አለችና መደርደሯን ቀጠለች።

በሰኔ የዚህ አገር ብርድ ገባ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጄ ወፍራም ካፖርት ለብሳ መጣች፤ ጥቁር፣ ውስጡ ሐር የመሰለ። ያቺ የኮሌጁ ሴትዮ ናት የሰጠቻት። የራሷ ነበር፤ "እናት ብትኖርሽ በዚህ ብርድ እንዲህ አትለቅሽም ነበር" ብላ ከራሷ ትከሻ አውልቃ አለበሰቻት። ልጄ አውልቃ ጆንያው ላይ ወረወረችው። አነሣሁት። ከአንገቱ በታች አንድ ቁልፍ ላልቶ ነበር፣ መርፌና ክር ፈልጌ አጠበቅኩት። የሴትዮዋ ሽቶ አለበት፤ ጥሩ ሽታ ነው፣ የንጹሕ ሰው። እግሯ ላይ ወድቄ "እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄን አለበስሽልኝ" ብላት ደስ ይለኝ ነበር። ነገ ጠዋት ልጄ ስትሄድ መልሳ እንድትለብሰው፣ አጣጥፌ ወንበሯ ላይ አስቀመጥኩት።